አቧራውን ሳታነሣ ሰሙን አታንሣ

«ጋሼ፣ በአሥር ደቂቃ መስታወት ላድርግልዎት?»

በአሥር ደቂቃ የመጣ ብርሃን ቦዲቲ ሳይደርስ ይወርዳል። መስታወቱ ይቆየኝ ልጄ፤ መጀመሪያ አፈሩን አውርድልኝ!

ወላይታ ሶዶ ላቫጆ በር ላይ መኪናውን ያቆመ ሰው ይህችን ጥያቄ ሳይሰማ አይወጣም። ጠያቂዎቹ ታታሪ ልጆች ናቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እጃቸው ከሳሙና አይወጣም። የዛሬው ምላሴ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ አይደለም። ሞተሩን ሳያጠፋ «ቶሎ በል!» በሚለው ባለመኪና፣ የጣሳውን ሥዕል አይቶ ሰም በሚገዛው፣ ዝገቱን በፖሊሽ ሸፍኖ በሚሸጠው ላይ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። እጃችን ላይ ያለችው ቪትዝ፣ ያለችው ኮሮላ፣ ምትኳ ሩቅ ነው። ቀለሟ ከተላጠ በኋላ ከማልቀስ ሳይላጥ መጠበቅ ይሻላል፤ የሚጠብቀው ደግሞ ጣሳው ሳይሆን ጣሳው ከመከፈቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው።

እነርሱ ይናገሩ፤ እኔ ልመልስ።

«ዋናው የሰሙ ዓይነት ነው፤ ውዱን ግዛ!»

ውድ ሰም ቆሻሻ ላይ ሲቀባ ውድ ቆሻሻ ይሆናል። መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ቀለሙ ድርብርብ ነው፤ ከብረቱ ላይ የዝገት መከላከያው፣ ቀጥሎ ፕራይመሩ፣ ቀጥሎ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ክሊር የምንለው። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50። የሰው ጠጉር ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ የምንመካበት ብልጭታ ሁሉ ያረፈው ከአንዲት ጠጉር በቀጠነ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ልሙጥ ከሆነ ብርሃኑን አንድ ላይ ይመልሰዋል፤ በጭረት ከተሞላ ይበትነዋል፤ ያን ጊዜ መኪናው ደበዘዘ እንላለን። ሰም ጭረቱን ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

«ቢያንስ ከፀሐይ ይጠብቃል።»

ከየትኛው ፀሐይ? ሶዶ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከምድር ወገብ ያለን ርቀት 7 ዲግሪ ስለማይሞላ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። ይህን ጨረር በዋናነት የሚመክተው ፋብሪካው ክሊሩ ውስጥ የጨመረው መከላከያ ነው፤ አንድ ማይክሮን እንኳ የማይሞላ የሰም ሽፋን ድርሻው ትንሽ ነው። የሰሙ ትልቅ ውለታ ሌላ ነው። አቧራና ጭቃ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ያልተጣበቀ አቧራ በውኃ ብቻ ይወርዳል፤ በውኃ የወረደ አቧራ መፈተግ አይፈልግም፤ ካልተፈተገ አይጫርም። ፀሐዩን ለጥላ ተውለት።

«ታዲያ ዛፍ ሥር አቆማለሁ።»

ወፉም ዛፉን ይወዳል! የወፍ ኩስ አሲድ አለው፤ ቀትር ላይ ቀለሙ ላይ ከደረቀ ሰሙን አልፎ ክሊሩን ይበላል፤ ከታጠበ በኋላም ቅርጹ ይቀራል። ጥላው ከጣሪያ ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነም እርጥብ ጨርቅ መኪናው ውስጥ ይኑርህ፤ ኩሱን አርጥበው፣ ይለስልስ፣ ከዚያ አንሣው። በጥፍር መፋቅ የለም።

«ጠዋት ጠዋት በደረቅ ፎጣ ወልውዬው ነው የምወጣው።»

ወልውለህ አይደለም፣ ሞርደህ ነው የምትወጣው! በዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም በወላይታ ዞን ውስጥ ካሉት መኪኖች የብዙዎቹን ቀለም የጨረሰው ይህ ልማድ ይመስለኛል። ቀዩ አቧራችን በዓይን ሲያዩት ዱቄት ነው፤ በውስጡ ግን ከክሊሩ የሚጠነክሩ የአሸዋ ቅንጣቶች አሉ። ደረቅ ፎጣ ከላዩ ሲሄድ እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷን መስመር ታሰምራለች። ካላመንክ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘነብል ኮፈኑን ጎንበስ ብለህ እየው፤ በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ ክብ ሠርተው የሚያብረቀርቁት ቀጫጭን ጭረቶች በሙሉ የእጅህ ጽሑፍ ናቸው። ለመናኸሪያው ተራ ንጹሕ ሆነህ መቅረብህ ክብር ነው፤ ክብሩ ግን አንድ ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል። ውኃ ከሌለህ አቧራማ ሆነህ ሂድ። አቧራ ነገ ይታጠባል፤ ጭረት ግን ይከርማል።

«ኦሞ ባለበት አገር የመኪና ሻምፖ ምን ያደርጋል?»

በኦሞው ሸሚዝህን እጠብበት። የልብስ ሳሙና ዱቄት የተሠራው ቅባት ለመንቀል ነው፤ ሰሙም ቅባት ነው። ትናንት ከፍለህ ያስቀባኸውን ዛሬ ከፍለህ ታስነቅለዋለህ። የመኪና ሻምፖ ለስለስ ያለ ነው፤ አሲድም አልካሊም አይበዛበትም፤ ዋና ሥራውም በቀለሙና በስፖንጁ መካከል ማንሸራተት ነው። ቅባት ነቃይ ፈሳሽ ሳሙና የሚፈቀድበት አንድ ቀን ብቻ አለ፤ አሮጌውን ሰም አንሥተህ አዲስ ልትቀባ ስትል።

«እኛ ጋ ሲታጠብ አረፋ በአረፋ ነው!»

አረፋው ይቆይና ባልዲው ስንት ነው? አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨርቅ፣ ከቸርኬ ተነሥቶ ኮፈን ላይ የሚወጣ እጅ ካለ አረፋው አያድንህም። ሁለት ባልዲ ይቀመጥ፤ አንዱ ሻምፖ፣ ሌላው ንጹሕ ውኃ። መጀመሪያ መኪናው በውኃ ብቻ ይርጠብ፤ ጭቃው ሳይነካ የሚወርደውን ያህል ይውረድ። ከዚያ ስፖንጁ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች፤ አንድ በር በታጠበ ቁጥር ንጹሑ ባልዲ ውስጥ ይለቅለቅ። ቸርኬና ጎማ የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው፤ ብሬኩ የረጨው የብረት ብናኝ ያለው እዚያ ነው። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ በሁምቦ በኩል የመጣ መኪና ከሥሩ የሚወርድለትን አፈር አይተህ ታውቃለህ? ያን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ይዞ ኮፈን ላይ መውጣት መኪናውን መጉዳት ነው። ሲደርቅም በጥላ፣ በማይክሮፋይበር ጨርቅ፤ ቁልፍና ዚፕ ባለው አሮጌ ሸሚዝ አይደለም። ፀሐይ ላይ የደረቀ ውኃ ማዕድኑን ነጭ ነጥብ አድርጎ ይተወዋል።

«ወንዝ ዳር ወስጄ በነፃ አጥበዋለሁ።»

ነፃ ለአንተ! ከታች ለሚቀዳው ሰው ዘይትህንና ሳሙናህን ነው የላክህለት። ለቀለሙም አይበጅም፤ የወንዙ ውኃ ደለል ይዟል፤ በደለል ማጠብ በደረቅ ፎጣ ከመወልወል እምብዛም አይሻልም።

«ናፍጣ ነካ ሲያደርጉት እኮ አዲስ ይመስላል።»

ለስንት ሰዓት? ናፍጣ ቀለሙ ላይ ቅባት ሆኖ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው አቧራ እስኪመጣ ያበራል፤ አቧራው ሲመጣ ይለጠፋል፤ የተለጠፈውን ለማንሣት ይፈተጋል። በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ያለውን ጎማም ያበላሻል፤ ያኔ ዝናቡ ውስጥ ይገባል። የጥርስ ሳሙና መብራት ላይ፣ ቫዝሊን ፕላስቲክ ላይ የምትሉትም ወንድሞቼ፣ መልሱ ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

«ሰም ከሆነ የእኛ ቀፎ ምን አጥቶ ነው ከውጭ የሚገዛው?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ጠያቂውንም። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት በአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። የንብ ሰም ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ጧፍ ቀትር ላይ ደጅ ብትተው ጎብጦ ታገኘዋለህ፤ ሳይቀልጥ ነው የጎበጠው፣ ለስልሶ። ሁምቦን አልፈህ ወደ ዓባያ ሐይቅ ቆላ ስትወርድ ጥቁር ኮፈን ቀትር ላይ ወደዚያ ሙቀት ሊጠጋ ይችላል። የለሰለሰ ሰም ደግሞ አቧራ ይዞ ይቀራል። በመኪና ሰም ስሙ የሚነሣው ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው፤ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ለዚህ ነው የተመረጠው።

«እኔ የገዛሁት ጣሳ መቶ በመቶ ካርናውባ ይላል!»

መቶ በመቶ ካርናውባ ቢሆን ኖሮ በስፖንጅ አይቀባም፤ ደረቅና ተሰባሪ ነገር ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ከማሟሟያና ከለስላሳ ሰም ጋር የተደባለቀ ነው፤ ያ ለስላሳ ሰም ደግሞ ብዙ ጊዜ የንብ ሰም ነው። እንግዲህ ቀፏችን ድርሻ አላት ማለት ነው! ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት ሶዶ። የአካባቢውን ሰም ከጠንካራው ሰም ጋር በልክ ደባልቆ፣ በላቫጆ ልጆች እጅ ፈትኖ፣ በጣሳ የሚያወጣ ተመራማሪ ቢነሣ የመጀመሪያዋን ጣሳ እኔ እገዛለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

«እስከዚያ የቱን ልግዛ?»

ተፈጥሯዊው ካርናውባ ሞቅ ያለ፣ ጠለቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል፤ ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ ያምራል። ዕድሜው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቢሆን ነው። ሰው ሠራሹ፣ ከፖሊመር የሚሠራው፣ ከ4 እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። እንጀራው መኪናው ላይ ለሆነ ሰው፣ በአረካ በኩል ሆሳዕና ሲመላለስ ለሚውል፣ እኔ ሰው ሠራሹን እመርጥለታለሁ። እሑድ ጠዋት በፍቅር የሚቀባ ሰው ካርናውባውን ይግዛ። ገዝተህ ስታበቃ ጥቂቱን በጣትህ መካከል እሸው፤ የሚሻክር ከሆነ የሚሞርድ ዱቄት ያለበት ነው፤ ቀለሙ የነጣ አሮጌ መኪናን ይጠቅማል፣ አዲስ ክሊርን ግን በየወሩ ይልጣል።

«መኪናዬ ታጥቧል፤ አሁን ልቀባ?»

እጅህን ፌስታል ውስጥ አስገባና ኮፈኑን ዳስሰው። ሻከረህ? ያ የሚሻክረው ውኃ ያላወረደው ነው፤ የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ሬንጅ። በዓይን አይታይም፤ ሰም ከተቀባበት ግን ከነሻካራነቱ ይታሸጋል። ለዚህ የተሠራ ክሌይ የሚባል እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነገር አለ፤ በሳሙና ውኃ እያረጠቡ በቀስታ ሲያንሸራትቱት ቆሻሻውን ለቅሞ ያነሣል።

«ክሌይ ሸክላ ማለት አይደል? ሸክላ ሠሪዎቻችን ጋ ሞልቷል።»

የእነርሱ ሸክላ ለጀበናና ለድስት ነው፤ አሸዋ አለው። ይኸኛው በፋብሪካ የተሠራ ለስላሳ ነገር ነው። መሬት ላይ ከወደቀብህም ጣለው፤ አንሥተህ አትጠቀምበት። አንዴ የያዘው ጠጠር አይለቅም።

«በማሽን ኮምፓውንድ ይደረግ፤ ለበዓል ሁሉ አስደርጋለሁ።»

ለበዓል ሁሉ ቀለም ትቀንሳለህ። ኮምፓውንድ ጭረት የሚያጠፋው ጭረቱን ሞልቶ አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር ወደ ጭረቱ ወለል አውርዶ ነው። በጠንካራው የተደረገ አንድ ዙር ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል፤ ክሊሩ ደግሞ ስንት እንደሆነ ከላይ ነግሬሃለሁ። ጠርዝና ጥግ ላይ የበለጠ ይሳሳል፤ እዚያ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን። በቀላሉ ጀምር፤ ለስላሳው ካልሠራ ብቻ ወደ ጠንካራው ሂድ። ጨርቁ ላይ የመኪናው መልክ ከወጣ ደግሞ ቁም! ወይ ክሊር የሌለው አሮጌ ቀለም ነው፣ ወይ ክሊሩን ጨርሰሃል።

«ጋራዥ ትናንት አስቀባሁት፤ ዛሬ ሰም ያምረዋል።»

ትናንት የተቀባ ቀለም ገና እየተነፈሰ ነው። የፋብሪካው ቀለም ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፤ የጋራዡ ብዙ ጊዜ በአየር ይደርቃል፤ በእጅ ሲነኩት ደረቀ እንጂ በውስጡ ያለው ቲነር ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሰም ከከደንክበት መውጫ ያጣል፤ ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ሻምፖ ብቻ። ደግሞ ቀለም ቀቢውን ከመቅጠርህ በፊት አንድ ነገር ጠይቀው፤ ዝገቱን እስከ ብረቱ ትፈቀዋለህ ወይስ ስቱኮ ትለጥፍበታለህ? ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ በሁለተኛው ክረምት ያብጣል፤ ያኔ የብራዚልም የወላይታም ሰም አይረዳህም። ኮፈንህን ጠጠር የመታው ቦታ ላይም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የቀለም ነጥብ ይደረግበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሰም።

«ወንድሜ፣ ይህችን መኪና እያት፤ ፊትህ ይታይባታል!»

ፊቴን ቤቴ አየዋለሁ፤ መኪናዋን ነው ማየት የምፈልገው። ገዢዎች ሆይ፣ እርጥብ መኪና አትመርምሩ፤ ውኃ ጭረት ይደብቃል። ቅባት የበዛበት ፖሊሽም እንዲሁ። ደርቃ፣ ደጅ ወጥታ፣ ፀሐይ በጎን ሲመታት እዩ። የበሩ ቀለም ከፓራፋንጎው ጋር ካልተመሳሰለ ጠይቁ፤ የመስኮቱ ጎማ ጠርዝ ላይ የቀለም ብናኝ ካለ መኪናዋ ተቀብታለች። መቀባቷ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው።

«አዲስ አበባ ሴራሚክ ሽፋን አስደርጌ መጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አትታጠብም።»

ትታጠባለች! ሴራሚኩ ከሰም ይልቅ ይቆያል፤ በደንብ ከተሠራ ዓመትና ከዚያ በላይ። ውኃና ጭቃም ቶሎ ይለቃል። ግን ከሥሩ ያለውን ጭረት እንዳለ ያሽገዋል፤ የሥራው አብዛኛው ክፍል ከመቀባቱ በፊት ያለው ማጽዳትና ማለስለስ ነው። «9ኤች» ብለው የነገሩህ ጥንካሬም በእርሳስ የሚለካ ነው፤ ጠጠር አይመልስም።

«ባጃጅ ምን ሰም ያስፈልገዋል?»

ከማን ያንሳል? ቀኑን ሙሉ ጭቃና ጠጠር ላይ የሚውለው እርሱ፣ ቤተሰብ የሚያበላው እርሱ! ቆርቆሮው ቀጭን ስለሆነ ዝገት ከጀመረው ቶሎ ይበሳል። ፊቱንና የጎማውን ሽፋኖች ቀባቸው፤ ጥቁር ፕላስቲኩንና ሸራውን ተው፤ ሰሙ እዚያ ነጭ ሆኖ ይደርቅና አይለቅም።

«የመንግሥት መኪና ነው፤ ምን አገባኝ?»

ያገባሃል! ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች፤ ቢሮ ባለበት ሁሉ መኪና አለ። የዚያን ቀለም ዋጋ የከፈለው ቦሎሶ ውስጥ ቦይና (ጎደሬ) የሚያበቅለው ገበሬ ነው። ቁልፉ አንተ ኪስ ሲያድር ሸክሙም ከአንተ ጋር ነው።

«ይህ ሁሉ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጊዜ የለኝም።»

ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ ወር ከወር የሚያደልብ፣ ለሥጋው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር የሚቆጥብ ሕዝብ መካከል ሆነህ ግማሽ ቀን በዛብኝ አትበል። ጊፋታ በመስከረም ሲመጣ የክረምቱ ጭቃ ይቆማል፤ የበጋው አቧራ ገና አልተነሣም። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አታገኝም። ጥላ ውስጥ አስገባው፤ መዳፍህን ኮፈኑ ላይ ስታደርግ ቀዝቃዛ ይሁን። ሰሙን አሳስተህ ቀባ፤ ወፍራም ሲሆን አይጠነክርም፣ ማንሣቱ ብቻ ይከብዳል። አንድ አንድ ክፍል እየያዝክ ሂድ። ጭጋግ ሲለብስ በጣትህ ሞክረው፤ ጥርት ብሎ ከለቀቀ በንጹሕ ጨርቅ አንሣው፤ ከተጎተተ ታገሥ።

«ላቫጆው ይህን ሁሉ በስንት ይሠራልኛል?»

ለአሥር ደቂቃ የምትከፍለውን ለግማሽ ቀን ልትከፍል ካሰብክ ጥያቄውን ባትጠይቅ ይሻላል። ልጁ ሁለተኛ ባልዲ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅና ሻምፖ ያስፈልገዋል፤ ጊዜም ያስፈልገዋል። እነዚህን የሚያውቅ ልጅ ባለሙያ ነው፤ በባለሙያ ዋጋ ይከፈለው፤ «ፍጠን» የሚለው ድምፅም ከጆሮው ይራቅለት።

«በስንት ጊዜ ልድገመው?»

ካጠብከው በኋላ ኮፈኑ ላይ ውኃ ረጭተህ እየው። ክብ ክብ እየሠራ የሚንከባለል ከሆነ ሰሙ አለ። ተንጣሎ ከተኛ አልቋል። ፀሐዩ በቀጥታ የሚያርፍባቸው ኮፈኑና ጣሪያው ከበሮቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱን ብቻ ቀባቸው፣ የበሮቹ ተራ ሲደርስ ይደርሳል።